ሚያጊ ለምን እንደሰከረ

ውድ ልጄ፣

ቅዳሜ ማታ «ካራቴ ኪድ» የሚባለውን ፊልም ስናይ አንድ ነገር ጠየቅኸኝ። «ሚስተር ሚያጊ ጥሩ ሰው ነው ብለሽኝ አልነበር? ታዲያ ለምን ይሰክራል?» አልከኝ። ልጁን ዳንኤልን ካራቴ የሚያስተምረውን ሽማግሌ ማለትህ ነው። መሽቶ ነበር፤ አንተንም እንቅልፍ እያዳፋህ ነበር። መልሱ ደግሞ ረዘም ይላል። ቁጭ ብዬ ብጽፍልህ ይሻላል አልኩ።

እኔ ይህን ፊልም ያወቅሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ። የዕለቱ ፊልም ስም ውጪ በጠመኔ ይጻፋል። ሴት ልጅ ብቻዋን አትገባም ነበርና የሚያስገባኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እንግሊዝኛው አይገባንም። አክተሩ ማን እንደሆነ ካወቅን በቃን። ዳንኤል መጨረሻ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ያን ምት ሲመታ ቤቱ በጩኸት ይናጋል። በማግስቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ በአንድ እግሩ ቆሟል።

አንተ የጠየቅኸኝን ቦታ ግን ያኔ አይቼው አላውቅም። ሚያጊ ጠርሙሱን ሲያነሳ ወንዶቹ ማፏጨት ይጀምራሉ። «እለፈው! እለፈው!» ይባላል። ዴኩ ጋ የተቀመጠው ልጅም ያሳልፈዋል። ድብድብ የለበትማ! እኔ ሙሉውን ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለካስ የፊልሙ ልብ እሱ ኖሯል።

እስቲ አስታውስ። ሚያጊ የድሮ የወታደር ልብሱን ለብሷል። ቀኑ የሠርጉ መታሰቢያ ነው። ዳንኤል ደግፎ ያስተኛውና ስለ ሚስቱ ሞት የሚናገረውን ወረቀት አንስቶ ያነባል። የሚያጊ ሚስት ማንዛናር በሚባል ካምፕ ውስጥ በወሊድ ምክንያት ከነልጇ ሞታለች። ሐኪም አልደረሰላትም። በዚያን ጊዜ ባሏ አውሮፓ ውስጥ ለአሜሪካ እየተዋጋ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ የጀግና ሜዳሊያው ይወጣል። አየህ፣ ለአገሩ ሲዋጋ ሚስቱን ያሰረችበት ያቺው አገሩ ናት። ለዚህ ነው የሰከረው።

ማንዛናር ፈጠራ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በእውነት የነበረ ካምፕ ነው። በፈረንጆቹ 1941 መጨረሻ ጃፓን ፐርል ሃርበር የሚባለውን የአሜሪካ የጦር ወደብ ደበደበች። በ1942 መጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያ ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ናቸው። ጥፋታቸው ዘራቸው ብቻ ነው። ከእነዚህ ካምፖች ውስጥ ተመዝግበው የዘመቱ ወጣቶች ነበሩ። ሚያጊ የነበረበት፣ የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካውያን የተዋጉበት 442ኛው ሬጅመንትም እውነተኛ ነው፤ በሜዳሊያ ብዛት ስሙ የሚነሳ ጦር። መንግሥት በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው፤ በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ ተወሰነ። ፊልሙ ከዚያ በፊት በ1984 ወጥቷል። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይኼ ነው።

ሚያጊን ሆኖ የሠራው ፓት ሞሪታም ነገሩን ከወሬ አይደለም የሚያውቀው። ገና በሕፃንነቱ የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ለዓመታት ሆስፒታል ተኝቷል። አይራመድም ተብሎለት ነበር። በ11 ዓመቱ፣ ልክ ባንተ ዕድሜ፣ ቆሞ ሄደ። ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ወላጆቹ ወደታሰሩበት፣ አሪዞና ወዳለው ጊላ ሪቨር ካምፕ ወሰዱት። አድጎ ሰው የሚያስቅ ኮሜዲያን ሆነ። የስካሩን ትዕይንት ስቱዲዮው ፊልሙን ያጓትታል ብሎ ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን አቪልድሰን ግን አልቆርጥም አለ። ሞሪታም በዚህ ሥራው ለኦስካር ታጨ።

ዳንኤል ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ምን እንዳደረገ አይተሃል? ለተኛው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ማንም አያየውም፤ ሚያጊም አያውቅም። እኔ ከመጨረሻው ምት ይልቅ ይህችን እወዳታለሁ።

ዳንኤል አጥሩን ሲቀባ «መቼ ነው ካራቴ የሚጀምሩት?» እያልክ ስትቁነጠነጥ ነበር። አልፈርድብህም። ዳንኤልም ያለው ይህንኑ ነው። ሚያጊ ካራቴ አስተምርሃለሁ ብሎ ሥራ ያዘዋል፤ መኪና ያጥባል፣ ወለል ይፈገፍጋል፣ አጥር ይቀባል፣ እጁ ዝሎ ይቆጣል። ከዚያ ሚያጊ ቡጢ ሲሰነዝርበት ያ የዛለ እጅ ራሱ ይከላከላል። እዚያ ጋ ስትደርስ ከሶፋው ተነስተህ እንደቆምክ አይቻለሁ። ደስ አለኝ።

አሁን እናት ሆኜ ሳየው ደግሞ ዓይኔ የዳንኤል እናት ላይ ነው። ልጇን ይዛ ከኒው ጀርሲ እስከ ካሊፎርኒያ፣ በግፊ በሚነሳ መኪና። ልጅ ሆኜ ልብ ያላልኳት ሴት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን እናያለን። ሚያጊ አባቱ ታመውበት ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ኦኪናዋ ይመለሳል፤ እዚያ የቆየ ጠበኛ ይጠብቀዋል። ስሙም ከዚያው ነው የመጣው፤ ጎጁ ርዩ የሚባለውን ካራቴ የመሠረቱት የኦኪናዋው ሰው ቾጁን ሚያጊ ይባላሉ። ሦስተኛው ደከም ይላል፤ የመጀመሪያውን ነገር ነው የሚደግመው። ካማረህ እሱንም እናየዋለን።

አደራ፣ የሁለተኛውን መጀመሪያ እንዳትዘለው። ከውድድሩ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ያ ክፉ አሠልጣኝ የተሸነፈ ተማሪውን ሲያንቀው ሚያጊ ይደርስበታል። ሊመታው ይችላል፤ እጁ ተነስቷል። ምን እንደሚያደርገው አልነግርህም። ስልክህን አስቀምጠህ በሰዓቱ ና፤ ፈንዲሻውን እኔ አዘጋጃለሁ።

እናትህ