ፍራሼ ቸርችል ጎዳና ላይ ተዘረጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኑሮ ውድነት የሚጽፍላችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ ስለ ቋጠሮ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ ቤት ስቀይር ዕቃዬን ፒክአፕ ላይ አስጫንኩ። ገመድ አጠረ። ጫኞቹ አንድ ወፍራም የቃጫ ገመድና አንድ ቀጭን ሰማያዊ ናይሎን ፈልገው ጫፍ ለጫፍ ሁለቴ ቋጠሩና «አለቀ ጋሼ፣ ንቅንቅ አይልም» አሉኝ። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወርደን ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ ናይሎኑ ሹልክ! ፍራሹ መሀል አስፋልት ላይ ተዘረጋ። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ለጥቂት ቆመ፤ ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ፋዘር፣ እዚሁ ሊያድሩ ነው?» አለኝ።

ልጆቹ ጉልበት አላነሳቸውም፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው ያጠበቁት። ግን ያ ሁለቴ የሚቋጠረው ለካርቶንና ለፌስታል ነው የሚሆነው። ወፍራምና ቀጭን ገመድ ሲገናኙበት፣ በተለይ አንዱ እንደ ናይሎን የሚያንሸራትት ከሆነ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እየላላ ይሄዳል።

የሚይዘው ሌላ ነው። የወፍራሙን ገመድ ጫፍ ወደ ኋላ እጠፉትና እንደ ጆሮ አድርጋችሁ በግራ እጅ ያዙት። የቀጭኑን ጫፍ ከሥር በጆሮው ቀዳዳ አውጡት፣ ከዚያ የታጠፈውን ወፍራም ገመድ፣ ሁለቱንም ክንድ አንድ ላይ፣ በጀርባው በኩል ዙሩት። ሲመለስ በቀዳዳው ድጋሚ አይገባም (ሁሉም እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው)፣ ቀጭኑ በራሱ ሥር ነው የሚሾልከው። ናይሎን ከሆነ ሁለቴ ዙሩትና ሁለተኛውንም በዚያው ሥር አሾልኩት። ትርፍ ጫፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ተዉ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሸማኔ የተበጠሰ ክር የሚቀጥልበት፣ ዓሣ አጥማጅም መረብ የሚሠራበት ቋጠሮ ይኸው ነው። ስትፈቱት ደግሞ ጥፍር አይሰብርም፣ የጆሮውን ጉብታ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማንኛውም ቋጠሮ የገመዱን አቅም ይቀንሳል፤ ከተቀጠለ ሁለት ገመድ አንድ ረጅም ይሻላል። ሰው በሚንጠለጠልበት ገመድ ላይማ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት።

ፍራሹን ያንኑ ቀን እዚያው አስፋልት ዳር በዚህ ቋጠሮ አሰርኩት። ሜክሲኮ ደረሰ፤ ጥቁር የጎማ አሻራ ግን አለበት፣ በኦሞም አልለቅ ብሏል።

አንባቢያችሁ፣ ከሜክሲኮ