የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ቲቸር አሳው የታለ?»

ክበባችን ዘንድሮ ምን ሰራ ለምትሉ፣ ባዶ ገንዳ ስናይ ከረምን። ላብራቶሪው ጥግ ላይ ያለውን መስታወት ያየ ሁሉ «ቲቸር አሳው የታለ?» ሲለኝ ነው የከረመው፣ ስታፍ ሩም ውስጥ ሳይቀር። ስለዚ ይሄ ፅሁፍ ለሁላችሁም አንዴ መልስ ይሁንልኝ።

100 ሊትር ሚይዝ ገንዳ እንዳገኘን ልጆቹ እጅ አውጥተው የባህር አሳ ይሁን አሉ፣ ያቺን ብርቱካናማዋን ነጭ ሰንበር ያላትን ክላውንፊሽ ስለፈለጉ ነው ነገሩ። እኔም ምን ችግር አለው፣ ውሃ ሞልተን ጨው በጥብጠን በሳምንቱ አሳ እናስገባለን አልኩ። የናይትሮጅን ዑደትን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ስስል ምኖር ሰውዬ እንዴት እንዲ እንዳልኩ እስካሁን ይገርመኛል። ያነቃችኝ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት፣ «ቲቸር፣ አሳው ሽንቱን ሲሸና የት ይሄዳል?» አለች፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ ግን ሳቄ እዛው ቀረ።

አሳ አሞኒያን በብዛት ሚያስወጣው በስንጥቡ ነው፣ ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር። ባህር ላይ አሞኒያው ይበተናል፣ 100 ሊትር ውስጥ ግን ወዴት ይሄዳል? ጭራሽ የጨው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8.2 አካባቢ ስለሆነ ነገሩን ያባብሰዋል፣ ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ከአሞኒያው ውስጥ የመርዛማው ድርሻ ይጨምራላ። ሚያድነው ባክቴሪያ ነው። አንደኛው ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይቀይራል፣ ሌላኛው ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል፣ ናይትሬት ደግሞ በጣም እስካልበዛ ድረስ አሳውን ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ በመቀየር ይቀንሳል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ማለት ይቻላል፣ እነሱን ድንጋዩና ፊልተሩ ላይ ማራባት ነው እንግዲ ሳይክል ማድረግ ሚባለው።

የተጣራ ውሃ በባልዲ ይዘን ለአንድ ሊትር 35 ግራም አካባቢ የባህር ጨው ድብልቅ (የወጥ ቤት ጨው አይደለም፣ ማግኒዚየምም ካልሲየምም ያለበት) በጠበጥን፣ ሂተሩን 26 ዲግሪ ላይ፣ ፓምፑን ደግሞ ቀንም ሌሊትም። መብራት አጠፋን፣ አልጌውን ከወዲሁ መቀለብ ስላልፈለግን። አሳ ሳይሰቃይ ባክቴሪያው ሚበላው እንዲያገኝ ከኬሚስትሪ መደርደሪያው አሞኒየም ክሎራይድ አምጥተን አሞኒያውን 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ) አደረስነው፣ ለዚህ ከአንድ ግራም በታች ይበቃል። ሚዛኑ ላይ ያለችውን ቅንጣት አይተው «ይቺ ናት አሳ ምትገድለው?» ብለው ዝም ያሉበት ሰዓት ለኔ የዓመቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜ ነበር።

ከዛ ምንም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የአሞኒያ ቴስቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ ሲሆን ነው ዜሮ። 31 የነበረው አባል 11 ቀረ፣ ሌሎቹ ድራማ ክበብ ገቡ፣ አልፈርድባቸውም። ለቀሩት ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ እንደሚሆን፣ የኛዎቹ ግን ለዛች አንድ እጥፍ ብዙ ሰዓት አንዳንዴም ከቀን በላይ እንደሚፈጅባቸው አስረዳኋቸው። ቪኖግራድስኪ የሚባል የባክቴሪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1890 እነዚህን ባክቴሪያዎች ነጥሎ ሲያወጣ በተለመደው ጄላቲን ላይ አላድግ ብለውት እንደነበርም ነገርኳቸው፣ አንዱ «እሱስ አሳ ነበረው?» አለኝ።

በአስረኛው ቀን አሞኒያው ወረደ፣ ናይትራይቱ ደግሞ ወጣ፣ ሲወጣም ቀለም ካርዱን አልፎ ነው የወጣው። ድንጋዩ ላይ ቡናማ ነገር ሲለብስ ተበላሸ ብለው ጮሁ፣ ዲያቶም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፣ አዲስ ገንዳ ላይ ያለ ነው፣ በራሱ ጊዜ ሄደ።

ጥፋትም ነበር፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ውሃው እየተነነ ሲጎድል እኔ ጨው ውሃ እጨምርበት ነበር። ሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው እዛው ይቀራል፣ ይሄን ስድስተኛ ክፍልም ያውቀዋል። የጨው መጠን መለኪያው ሪፍራክቶሜትር ከ35 ወጥቶ 39 ላይ ሲደርስ መሳሪያው ተበላሽቷል ብዬ ተከራከርኩ፣ ልጆቹ በንፁህ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክለው መልሰው ለኩ፣ 39። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨዋማውን እየቀዳን ንፁህ ውሃ እየተካን መለስነው።

የወላጆች ቀን የዋለው በ26ኛው ቀን ነው። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ገና። እንግዳ ይመጣል፣ ገንዳው ባዶ፣ እና ደከምኩ፣ ጨው ውሃ ላይ እኮ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የናይትራይትን ጉዳት ስለሚቀንሰው አንድ አሳ ብናስገባስ አልኩ። ነገሩ ውሸት አይደለም፣ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ቻርት 2 ፒፒኤም አሞኒያ ጨምረን በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ዜሮ ካልሆኑ አሳ አይገባም ይላል፣ በኔው እጅ ፅሁፍ። የክበባችን ፀሐፊ ምንም ሳትናገር ወደ ቻርቱ ጠቆመችኝ። ወላጆች ድንጋይ አይተው ሄዱ።

በ38ኛው ቀን ፈተናውን አለፈ። ናይትሬቱ ስለተከማቸ ግማሹን ውሃ ቀየርንና ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ ገቡ፣ ሁለት ብቻ፣ ባክቴሪያው ከሚመጣለት ምግብ ጋር ቀስ እያለ እንዲመጣጠን። የመጀመሪያውን ሳምንት ከድንጋዩ ኋላ ተደብቀው ስለከረሙ ጥያቄው አልቆመልኝም።

በእረፍቱ ተራ የደረሳችሁ ልጆች፣ ዝርዝሩ ላብራቶሪው በር ላይ ነው። ውሃው ከምልክቱ ሲወርድ ሰማያዊው ባልዲ ብቻ ነው ሚጨመረው፣ ጨው የሌለው ብዬ በትልቁ ፅፌበታለሁ።