የአድራሻ መቀየሪያ ፈንክሽኖችን ማብራሪያ ስለማደሳችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

የኔትወርክ ላይብረሪያችንን ዶክመንቴሽን አድሰናል። የታደሰው የአይፒ አድራሻን ከጽሑፍ ወደ ቁጥር፣ ከቁጥርም ወደ ጽሑፍ ስለሚቀይሩት ፈንክሽኖች የሚያስረዳው ምዕራፍ ነው። ላይብረሪው ራሱ አልተነካም። ግን ከድሮው ምዕራፍ ላይ ምሳሌ ገልብጣችሁ ከነበረ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ደንበኛችን የላኩልን ሎግ ነው። በየመስመሩ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ አንድ ዓይነት ነው። ኮዱን ስናየው ሁለቱም አድራሻዎች በአንድ ፕሪንትኤፍ (printf፣ ጽሑፍ የሚያትም ፈንክሽን) ውስጥ፣ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው በኢኔት ኤንቶኤ (inet_ntoa) ይጻፋሉ። ይህ ፈንክሽን ውጤቱን ሁልጊዜ እዚያው አንድ ባፈር (ጽሑፉ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል። ምሳሌው ደግሞ የተወሰደው ከእኛው ገጽ ነበር። ፕሮግራመሩ ያጠፉት ነገር የለም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አዲሱ ምሳሌ የሚጠቀመው ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ኢኔት ኤንቶፕን (inet_ntop) ነው። እዚህ ባፈሩን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። ለአይፒ ቪ4 16 ባይት፣ ለአይፒ ቪ6 46 ባይት ይበቃል፤ የጽሑፉን መጨረሻ የምታሳየው ዜሮ ባይትም ተቆጥራለች። ባፈሩ ከጠበበው ነል (NULL፣ ባዶ ጠቋሚ) ይመልሳል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢኔት አድር (inet_addr) ነው። ጽሑፉን ማንበብ ሲያቅተው -1 ይመልሳል። -1 በ32 ቢት ማለት 255.255.255.255 ነው፤ እሱ ደግሞ ትክክለኛ የብሮድካስት (በኔትወርኩ ላሉ ሁሉ የሚላክበት) አድራሻ ነው። ስህተቱንና አድራሻውን በምን ትለያላችሁ? በዚያ ላይ ከፊቱ ዜሮ ያለውን ቁጥር ኦክታል (በስምንት መሠረት የሚቆጠር) አድርጎ ያነባል። አንድ ሰው ቁጥሮቹ እኩል እንዲሰለፉለት 192.168.010.005 ብሎ ቢሞላ፣ ፕሮግራሙ የሚሄደው ወደ 192.168.8.5 ነው። ምንም ስህተት ሳያሳይ፣ ዝም ብሎ። ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን በአድራሻ ለምትወስኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእሱ ቦታ ኢኔት ፒቶንን (inet_pton) አስገብተናል። ለአይፒ ቪ6ም ይሠራል። ከተሳካለት 1፣ ጽሑፉ አድራሻ ካልሆነ 0፣ የአድራሻውን ዓይነት ካላወቀው -1 ይመልሳል። ስለዚህ መልሱ 1 መሆኑን አረጋግጡ። «ዜሮ ካልሆነ ይለፍ» የሚል ኢፍ -1ንም ያሳልፋል።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እዩ። ኢኔት አድር 127.1 የሚለውን አጭር አጻጻፍ 127.0.0.1 ብሎ ይቀበላል፤ ኢኔት ፒቶን አይቀበልም። ሴቲንግ ፋይሎቻችሁ ውስጥ እንዲህ የተጻፈ ካለ፣ ፈንክሽኑን ከመቀየራችሁ በፊት አስተካክሉት። አለዚያ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ አልነሳም ይላል።

ለጊዜው ኮዳችሁ ውስጥ ኢኔት አድርና ኢኔት ኤንቶኤ ያሉበትን ቦታ ፈልጉ። ግራ የሚያጋባ ካገኛችሁ ቁራጩን ላኩልን፤ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የዶክመንቴሽን ክፍል