የዝዋይ የውኃ ሞተሮች ስንት ናቸው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አብያታ ሐይቅ መሸሽ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ያስመሰግናል። ግን ጥፋቱን ጠቅልላችሁ ሐይቁ ዳር ባለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ላይ ጫናችሁት። ፋብሪካው የለበትም አልልም። ለብዙ ዓመታት የሐይቁን ውኃ ወደ ገንዳ እየሳበ በፀሐይ ሲያተን ኖሯል። ይሁን እንጂ አብያታ የሚጠጣው ከላይ ከሚመጣለት ነው። ከላይ ያለነውን ደግሞ ማንም አልጠየቀንም።

እኔ ባቱ ከተማ፣ ብዙዎቻችሁ ዝዋይ በምትሏት፣ የውኃ ሞተር እጠግናለሁ። መኪና አልነካም፣ ወፍጮም አልነካም። ሥራዬ ገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣበት ፓምፕ ነው።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ይወርዱና ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ደምበል የምንለው እሱኑ ነው። ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ይሄዳል። ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ትንሽ ይመጣለታል። አብያታ መውጫ የለውም፣ የመንገዱ መጨረሻ እሱ ነው። ላይ ቤት የጎደለ ሁሉ የሚታየው እዚያ ነው።

ታዲያ ጋራዤ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞተሩ ከየት እንደመጣ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ። ከመቂ ወንዝ የሚስብ ሰው የሚያመጣው ፓምፕ ውስጡ በደለል የተበላ ነው። ተሽከርካሪው ብረት ጠርዙ ሳስቶ፣ አንዳንዴ እንደ ምላጭ ስል ሆኖ አገኘዋለሁ። ያ አሸዋና አፈር የደጋው ማሳ ነው። ዳገቱ ሲታረስ፣ ዛፉ ሲቆረጥ፣ ክረምት ጠርጎ ያመጣዋል። እኔ ብረቱን እቀይራለሁ፣ የተረፈው ደለል ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። ከሐይቁ የሚስቡት ደግሞ የቱቦው ጫፍ ወንፊት በሣርና በጭቃ ተጠቅጥቆ ይመጣሉ። ይሄ ቀላል ነው፣ ታጥቦ ይሄዳል።

ከቡልቡላ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ውኃ የሚያግደው ጎማ ነዶ፣ ሽታው ከበሩ ይቀድማል። ፓምፑ ውኃ አጥቶ አየር ሲስብ ውሎ ነዋ! በበጋ፣ በተለይ ከየካቲት በኋላ፣ የዚህ ዓይነት ይበዛብኛል። አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ባለፈው የቀየርክልኝ ጎማ አይረባም እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ጎማው ደህና ነበር። ወንዙ ወርዶ ቱቦው ጭቃ ላይ ቀርቶ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። ባለ 3 ኢንች ፓምፕ አዲስ ሲሆን በደቂቃ 1000 ሊትር ገደማ ይስባል ተብሎ ነው የሚሸጠው። እኛ አገር፣ በአሮጌ ቱቦ፣ በተበላ ብረት፣ ግማሹን ይሳብ እንበል። በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 240 ሜትር ኩብ። ይሄ ለአንድ ገበሬ ነው፣ ማንም አይከፋበትም። ሞተሮቹ ሺህ ቢሆኑስ? በቀን 240 ሺህ ሜትር ኩብ። አምስት ወር በጋ ሲሠሩ 36 ሚሊዮን። ዝዋይ ሐይቅ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይሄ ሁሉ ሲካፈል ከፊቱ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። እርግጥ ከማሳ ተመልሶ የሚሰርግም አለ። ቢሆንም ብዙውን ፀሐይና ሽንኩርቱ ይጨርሱታል።

8 ሳንቲ ሜትር ለዝዋይ ምንም አይደለም። ዓሣ አስጋሪው ልብም አይለው። ለቡልቡላ ግን ሌላ ነገር ነው። ዝዋይ ጠፍጣፋ ሐይቅ ነው፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ፀሐይ ብቻዋን በዓመት ከሜትር ተኩል በላይ ታነሣለች። ቡልቡላ የሚያገኘው ከአፉ የሞላውን ብቻ ነው። በበጋ ደግሞ ከአፉ የሚያልፈው ስስ ነው። እኛ የምንቀንሳት ያቺ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሙሉ በሙሉ የምትነሣው ከእሱ ድርሻ ላይ ነው።

አብያታ በ1960ዎቹ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከግማሽ በታች ወርዷል። ውኃው ሲያንስ ጨው በዛ፣ ዓሣውም አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካን የሚባሉ ትልልቅ የውኃ ወፎች ምግባቸው አብያታ ነበር። አሁን ሩቅ ሄደው ነው የሚፈልጉት። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የተከለለው ለእነዚህ ወፎች ተብሎ ነበር። ድንበሩን ጠብቀን የላይኛውን ውኃ ሳንጠብቅ ቀረን።

ማን ነው ጥፋተኛው ብትሉ፣ እዚህ ሁሉም ጣቱን ይጠቁማል። ገበሬው «የአበባ እርሻው ነው» ይላል። እርሻው ውስጥ የሚሠራውን ብትጠይቁት «ገበሬው ነው፣ እኛ በቆጣቢ ቱቦ ነው የምናጠጣው» ይላችኋል። ከከተማ መጥቶ መሬት በኮንትራት ይዞ ሽንኩርት የሚያለማውን ደግሞ ማንም አያነሣውም፤ እሱ ሁለት ዓመት ሠርቶ ይሄዳል። ከአንድ ትሪ እየበላን ሁሉም የራሱን ጉርሻ ብቻ ይቆጥራል።

የሚገርመው ሕጉ መኖሩ ነው። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የአንድ ፕሮጀክት ጉዳት ሲታይ አብረውት ካሉት ሌሎች ተፅዕኖዎች ጋር ተደምሮ ይታይ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ባለ 3 ኢንች ሞተር የገዛ ገበሬ ፕሮጀክት አይባልም። ጥናት አምጣ የሚለው የለም፣ ሊባልም አይገባም። ስለዚህ ትልቁ ለብቻው ይጠናል፣ ትንንሹ ጭራሽ አይጠናም፣ ድምሩ ማንም ጠረጴዛ ላይ አይደርስም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ማስተር ፕላንም ከተሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ወረዳው ግን ዕቅዱን የሚያወጣው በወረዳው ድንበር ነው። መቂ ወንዝ የሚነሣበት የጉራጌ ደጋ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው፣ የሚገባበት ሐይቅ ኦሮሚያ ነው። የከታር ውኃ ከአርሲ፣ ተጠቃሚው ምሥራቅ ሸዋ። ደጋ ላይ እርከን የሚሠራው ሰው የሚያድነው ሐይቅ የእሱ ክልል ውስጥ አይደለም። እሱን ማን ያመሰግነው? ወጪውንስ ማን ይጋራው?

አንድ ቢሮ ሄጄ በአካባቢው ስንት የውኃ ሞተር እንዳለ ጠይቄ ነበር። «ለምን ፈለግከው?» ተባልኩ። እንዲያው ለማወቅ አልኩ። ሳይነግሩኝ ወጣሁ።

«ውኃው ካነሰ ጉድጓድ ይቆፈራላ» የሚል አይጠፋም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የልጆቻችንን ቡናማ ጥርስ አይቶ መረዳት ይቻላል። ብዙ ዓመት ለጠጣው አጥንትም ያጎብጣል። ቡልቡላ ዳር ያለ ሰው ወንዙ ሲደርቅበት የሚሄደው ወደዚያ ውኃ ነው።

ሐሮማያን አስታውሱ። የሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። እዚያ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ሞተሮች፣ ከዳገቱ የሚወርድ ደለል፣ የከተማው ቧንቧ፣ ሁሉም በየፊናው። ባለፉት ዓመታት ውኃው መመለስ ጀምሯል፣ ደስ ይላል። ሐረር ግን እስከዚያ ውኃ ከድሬዳዋ በኩል በብዙ ወጪ ማስመጣት ነበረባት።

ሞተር ይከልከል አላልኩም። እኔም የምበላው ከዚያው ነው፣ ልጆቼንም ያስተማርኩት በሽንኩርት ገንዘብ ነው። የምለው አዲስ ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት ያለውን ቁጠሩ ነው። ቡልቡላ በበጋ ቢያንስ ይህን ያህል ይለፍ ተብሎ መጠኑ ይወሰን። ድልድዩ ላይ መለኪያ ይቁም፣ ንባቡም በየሳምንቱ በቀበሌ ይለጠፍ። ውኃው ከተወሰነው ሲወርድ የአበባው እርሻም፣ ባለ ኮንትራቱም፣ ገበሬውም በተራ ያጠጡ። ይሄን ወረዳ ብቻውን አይችለውም። ከጉራጌ ደጋ እስከ አብያታ ያለውን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ፣ የመከልከልም ሥልጣን ያለው የተፋሰስ አካል ይፈልጋል።

ቆጠራው ከባድ ነው እንዳትሉኝ። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ያለን ጠጋኞች እንተዋወቃለን። የትኛው ሞተር የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚስብ፣ ስንት ኢንች እንደሆነ በቃላችን ነው። ጥቅምት ላይ፣ መስኖ ሳይጀመር፣ ሁሉም ሞተሩን ለማስፈተሽ ይመጣል። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይምጣ፣ ወንበር እሰጠዋለሁ።

የውኃ ሞተር ጠጋኝ፣ ከባቱ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይልኝ)