አባዬ፣ ድምፄ ተቀየረ ብለህ እምቢ አትበለኝ

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እማስ? እኛ እዚህ ሐረር አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፣ ብርዱ ብቻ ማታ ማታ ይቆነጥጣል፣ አንተ ደሞ እዛ ድሬ ሙቀት ውስጥ ሆነህ በብርዱ እንደምትቀናብን አውቃለሁ። ባለፈው በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹን እንኳን ሳልነግርህ "አቦ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኩ እኮ" ብለህ ዘጋኸው። ስለዚ ቁጭ ብዬ ልፃፍልህ አልኩ፣ ትንሿ ታንብብልህ፣ ከፈለክ ደሞ ከሰአት በርጫ ላይ ለጓደኞችህ አንሳው፣ እነሱ ይፍረዱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቆምነውን የቤተሰብ ካርቱን ልንመልሰው ነው። ያ ለገሃር አካባቢ የሚኖረው ቤተሰብ፣ ባቡር ጋራዥ የሚሰራው ኮስታራ አባት፣ ጫማ የማይበረክትለት ልጁ፣ ግቢውን በሙሉ ቀጥ አድርጋ የያዘችው እናትየው። የአባትየውን ድምፅ የሰራኸው አንተ ነህ፣ ከጂዳ የተመለስክ ሰሞን "ስራ ፈትቼ ከምቀመጥ" ብለህ። ሰው አሁንም ባገኘን ቁጥር መቼ ነው የሚቀጥለው ይለናል። አሁን ስፖንሰር ሊሆን የሚችል ሰው ስለተገኘ ስቱዲዮ ውስጥ በየቀኑ ክርክር ነው። ግማሾቹ ልጆች ካቆምንበት እንቀጥል ባይ ናቸው፣ ልጁ ያው ዩኒፎርሙን ለብሶ አራተኛ ክፍል ይማር፣ አባትየውም ያው ቱታውን ለብሶ ስራ ይሂድ፣ ድምፁን ደሞ አንድ ወጣት ተዋናይ የድሮ ድምፅህን አስመስሎ ይስራው ይላሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። ቆሞ የነበረ ነገር ሲመለስ ያለፉትን አመታት ይዞ ነው መመለስ ያለበት፣ ሰዎቹ ማርጀት አለባቸው፣ ፀባያቸው ግን ንክች መደረግ የለበትም። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም አባዬ፣ ከኛ በፊት የሞከሩት ሰዎች ምን እንደገጠማቸው እያየሁ ነው።

ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል የሚባል የአሜሪካ ካርቱን አለ፣ እዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1997 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርህ) ፎክስ የሚባል ቴሌቪዥን ላይ ጀመረ፣ 13 ሲዝን ሄደና በ2010 አለቀ። ቴክሳስ ውስጥ አርለን በምትባል የፈጠራ ከተማ የሚኖር ሀንክ ሂል የሚባል ሰውዬ ነው፣ ፕሮፔን ጋዝ ይሸጣል፣ ስራውን ከልቡ ያከብራል፣ ሚስቱ ፔጊ ትባላለች፣ ልጁ ቦቢ ደሞ አባቱ የሚወደውን ኳስ ትቶ ሰው ማሳቅ ነው የሚወደው። ሀንክ ከሶስት ጎረቤቶቹ ጋር ከቤቱ ኋላ ባለው መንገድ አጥሩ ጋ ቢራ ይዞ ይቆማል። አንዱ "እህ" ይላል፣ ሌላው "እህ" ይላል፣ ሶስተኛውም፣ አራተኛውም። በቃ ይኸው ነው። ወላሂ የናንተ በርጫ ነው፣ ማንም ምንም ሳይል ሰአት ያልፍና አንዱ ድንገት የድሮ ሞተር ነገር አንስቶ እስከ መግሪብ የምትጨቃጨቁት።

ይሄ ካርቱን በ2025 ኦገስት ላይ በኢንተርኔት 10 አዲስ ክፍል ይዞ መጣ። እና ምን አደረጉ መሰለህ፣ ሀንክና ፔጊ ሳውዲ ነው የከረሙት! ሀንክ ለጡረታው ገንዘብ ሊያጠራቅም የሳውዲው ነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ተቀጥሮ አመታት ሰርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። ያን ሳይ አይኔ እንባ ሞላ። አንተ ከጂዳ የመጣህ ቀን ከኤርፖርት እስከ ቤት ከባጃጁ አንገትህን እያወጣህ "ይሄን ፎቅ ማን ሰራው፣ እዚህ የነበረው ሱቅስ የት ሄደ" እያልክ ነበር የመጣኸው፣ እማ ቡና አቅርባ ስትጠብቅህ ሻንጣህን እንኳን ሳትፈታ ወጥተህ ጓደኞችህ ጋ ዛፉ ስር ቁጭ አልክ። ያኔ እማ ተቀይማህ ነበር፣ እኔ ግን ለምን እንደወጣህ የገባኝ ይሄን ካርቱን ሳይ ነው።

ሀንክ አልተቀየረም። ያው ስሜቱን መናገር የሚከብደው፣ ያው ነገር ሁሉ በስርአቱ እንዲሄድ የሚፈልግ ሰውዬ ነው፣ ሰፈሩ ነው ጥሎት የሄደው። ጎረቤቱ ቢል ከኮቪድ ጀምሮ ከቤቱ አልወጣም። ቦቢ 21 አመቱ ሆኖ ዳላስ ውስጥ የጃፓንና የጀርመን ምግብ የሚያቀላቅል ሼፍ ሆኗል። የአባቱን ህልም አልኖረም ልጁ፣ ግን ለስራው ያለው ግትርነት ቁርጥ አባቱን ነው፣ ይሄን ደሞ ማንም ተናግሮ አይነግርህም፣ ራስህ ነህ የምታገኘው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ክፍል ትንሽ ይቸኩላል፣ ሀንክን አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እያስደነገጡ ለማሳቅ ይሞክራሉ፣ እሱ ቶሎ ይሰለቻል። ጥሩ የሚሆነው ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ ነው፣ በተለይ አባትና ልጅ። እኛም እንደዛ ነው ማድረግ ያለብን፣ ስልክና ቲክቶክ በየቦታው ስለወተፍን አዲስ ስራ አይሆንም።

ስቱዲዮ ያሉት ልጆች ሲምፕሰንስ የሚባለውን የአሜሪካ የቤተሰብ ካርቱን አንስተው "ልጁ ባርት ከ1989 ጀምሮ 10 አመቱ ነው፣ ማን ምን አለ?" ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ግን ሲምፕሰንስ አልቆመም እኮ! በየአመቱ ሲመጣ ሰው ስለለመደው አይቆጥርም። ያቆመውን ግን ተመልካቹ ራሱ ቆጥሮለታል። ያኔ የኛን ካርቱን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያይ የነበረ ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ አግብቶ የወለደም አለ፣ እና ለሱ ልጁ ዛሬም አራተኛ ክፍል ነው ብለን ብናቀርብለት የት ከርማችሁ መጣችሁ አይለንም?

ሲምፕሰንስን ካነሳን አይቀር፣ በ2005 ረመዳን ጂዳ እያለህ ከፉጡር በኋላ ኤምቢሲ ላይ ታየው የነበረውን አረብኛውን ታስታውሳለህ? አል ሸምሹን ያሉትን፣ አባትየውን ሆመርን ኦማር ብለው ግብፃዊው ሙሐመድ ሄነዲ ድምፁን የሰራው። በስልክ "ይሄ ቢጫ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሆነው" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔ ያኔ አላወቅኩም። አሁን ሳነብ ነው የገባኝ፣ ቢራውን በለስላሳ ቀየሩት፣ የአሳማ ስጋውን አወጡት፣ ሌላውን ግን አብዛኛውን እንዳለ ተዉት። በረመዳን ቢራ አይታይም፣ ይሄ ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን አላደርገውም። ግን የሰውየው ድክመት እሱ ነበር፣ ድክመቱን ካወጣህ ሌላ ድክመት ልትሰጠው ይገባል፣ ለምሳሌ ዶሚኖ ላይ ተቀምጦ ሚስቱን የሚረሳ ሰው ቢያደርጉት ካይሮም ጂዳም ድሬም ያውቀዋል። ያሰቡትን ያህል ሳይሄዱ ተቋረጠ። እና እኔ ስፖንሰሩ "አባትየው ትንሽ ቁጡ ነው፣ ፈገግታ ጨምሩለት" ሲል የምቃወመው ለዚህ ነው። ቁጣውን ከወሰድክበት ከዛ ሰውዬ ምን ይቀራል?

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። ከታመምክ በኋላ ድምፅህ እንደሻከረ አውቃለሁ፣ ረጅም አረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥርህም። አይኔም ስክሪፕት አያነብም ብለሃል። እሺ ስማኝ። ጄትሰንስ የሚባል የድሮ ካርቱን አለ፣ ስለ ወደፊቱ ዘመን ቤተሰብ ነው፣ በ1962 ጀምሮ 24 ክፍል ብቻ ሰርተው አቆሙት፣ ልጆች ግን በድጋሚ እያዩት ስለወደዱት በ1985 እንደገና መስራት ጀመሩ። የአባትየውን የጆርጅን ድምፅ የሰራው ጆርጅ ኦሃንሎን ያኔ ስትሮክ መቶት አይኑ አያይም ነበር። ምን አደረጉ? ከሌሎቹ ለይተው ለብቻው ቀረፁት፣ አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ አንድ አንድ አረፍተ ነገር ያነብለታል፣ እሱ ተቀብሎ ይላታል፣ ቀጣዩን ያነብለታል፣ ተቀብሎ ይላል። እንደዛ ነው የተሰራው! ታሪኩን ከጠየቅከኝ ልጆቹ ያው ልጆች ሆነው ስለተመለሱ እኔ ብዙም አልወደድኩትም፣ ሰውየውን ግን አክብሬዋለሁ፣ ትዕግስት የነበራቸውን ሰዎችም ጭምር።

አዎ፣ ድምፅ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። ኪንግ ኦፍ ዘ ሂል ላይ የሌላኛውን ጎረቤት የዴልን ድምፅ ይሰራ የነበረው ጆኒ ሃርድዊክ በ2023 ስለሞተ ቶቢ ሀስ ተካው፣ እሱም ያንኑ ካርቱን ከድሮ ጀምሮ ሲሰራ የነበረ ሰው ነው፣ ከውጭ አላመጡም። ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል። አንተ ግን አለህ አልሀምዱሊላህ፣ በህይወት ያለ ሰው ድምፅ ላይ አስመሳይ ማስቀመጥ ለኔ ነውር ነው። ደሞ እኛ የምንፈልገው የድሮውን ድምፅህን አይደለም፣ የአሁኑን ነው። ሰውየው ጡረታ ወጥቷል፣ መሻከሩ ለሱ ልኩ ነው።

አዲስ ተመልካቾችስ አልከኝ፣ የድሮውን ያላዩት። የታላቄ ልጅ ጋ ሞከርኩት፣ የድሮውን አንድም ክፍል ሳላሳየው የሀንክን አዲሱን ከፈትኩለትና አጠገቡ ሆኜ እየተረጎምኩለት አየን። እሱ የያዘው ቦቢን ነው፣ ኩሽና ውስጥ ሲጨናነቅ፣ ለሰራተኞቹ አለቃ መሆን ሲያቅተው። ሀንክን መጀመሪያ "ለምን ዝም ይላል ሰውየው" እያለ ሲጠይቀኝ ነበር፣ ሲያልቅ ግን "ቦቢ ትንሽ እያለ ያለው የለም?" አለኝ። ይሄ ነው የምፈልገው። አዲሱ ሰው በልጁ በኩል ይገባል፣ የድሮው ሰው በአባትየው በኩል፣ ሁለቱ እዛው ሳሎን ይገናኛሉ። ከዚህ በፊት ምን እንደሆነ እያስረዱ መጀመር ግን ከንቱ ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል የራሱ ፀብ ያስፈልገዋል።

ስለዚ ስክሪፕቱ ላይ እንዲህ አድርገነዋል። ልጁ አድጎ አዲሱ ባቡር ላይ ስራ ይዟል። አባትየው ደሞ አዲሱን ጣቢያ ሄጄ አላይም ብሏል። ባቡሩ በ1902 ድሬ ባይደርስ ከተማዋም ባልኖረች ብሎ የሚያምን ሰው፣ እድሜ ልኩን የጠገነው ሀዲድ ቆሞ፣ በ2018 ስራ የጀመረው የኤሌክትሪኩ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ሲቆም እንዴት ብሎ ደስ ይበለው? ልጁ ደሞ ደሞዙ ከዛ ነው። ሚስትየው መሀል ላይ ናት፣ እሷ አዲሱን ጣቢያ በድብቅ ሄዳ አይታዋለች። (አንተም እስካሁን አላየኸውም አይደል? እማ ነግራኛለች።)

ስዕሉንም አይተህ ፍረድ። ሰው ማስረጀት ከባድ ነገር ነው አባዬ። አንዱ ልጅ መጀመሪያ ግንባሩ ላይ መስመር ጨምሮ ፂሙን ነጭ አድርጎ አመጣው፣ ጭምብል ያደረገ ወጣት መሰለ። ሁሉንም አስጠፋሁትና አንተ ከፍራሹ ስትነሳ የምታደርገውን ሳልኩ። መጀመሪያ ቀኝ እጅህ ጉልበትህ ላይ ያርፋል፣ ከዛ "ያ አላህ" ትላለህ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ትላለህ፣ ሰው እንዳይረዳህ ዞር ብለህ ታያለህ፣ ከዛ ትነሳለህ። እኛ በሰከንድ 12 ስዕል ነው የምንስለው፣ እዛ ቆም ያልክበት ቦታ ላይ ያንኑ ስዕል ይዤ አቆየሁት። ፊቱ ላይ አንድም መስመር አልጨመርኩም። ልጆቹ ሲያዩት "ጋሼ ናቸው!" አሉ። አሁን ያ ስዕል አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። "ያ አላህ" የሚለውን አንድ ወጣት አስመስሎ ሲለው ሰማሁት፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልሆነም ግን። ጉልበቱን አሞት አያውቅማ።

እና ቅዳሜ ማይክራፎኑን ይዤ ልመጣ ነው፣ ኢንሻአላህ አርብ ማታ ደርሼ እናንተ ጋ አድራለሁ። ሱብሂ ሰግደህ ከመጣህ በኋላ ወዲያው እንቀርፃለን፣ ባጃጆቹ ሳይነሱ፣ ሙቀቱም ሳይመጣ። ቬንትሌተሩን ማጥፋት አለብን ድምፅ ስለሚያስገባ፣ መስኮቱ ላይ የእማን ወፍራም ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። እኔ አንድ አንድ አረፍተ ነገር አነብልሃለሁ፣ አንተ በራስህ አነጋገር ትለዋለህ፣ ቃሉን መቀየር ከፈለክ ቀይረው፣ የባቡር ሰው እንዲህ አይልም ካልክ እሱን ነው የምንወስደው። ሲደክምህ ሻይ እንጠጣለን። በአንድ ቀን ካላለቀ በሌላ ቅዳሜ እቀጥላለሁ፣ ማንም አያስቸኩልህም፣ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ።

ለእማ ሀላዋ ይዤላት እመጣለሁ በላት። መልስህን በትንሿ ስልክ ቮይስ አድርገህ ላክልኝ፣ እምቢም ብትል በቮይስ በለኝ።

ልጅህ፣ ከሐረር