የነርቭ ምርምር በሦስት ዓመት ግራንት አይሄድም፦ ለምርምር ፈንድ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለምርምር ፈንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የግራንት ዘመን እንዲራዘም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ኃላፊ። የተጎዳ ነርቭ ለምን እንደሚሞትና እንዴት መልሶ እንደሚያድግ ከሚያጠኑት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ በደንቡ መሠረት ብጽፍ ደብዳቤዬ ፋይል ውስጥ ስለሚቀር ነው በአደባባይ የምጽፍልዎት። የምትሰጡን ግራንት፣ ማለትም የምርምር ገንዘብ፣ ሦስት ዓመት ነው፣ እኛ የምናጠናው ነገር ደግሞ በሦስት ዓመት ገና መጀመሩ ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። የተቆረጠ ነርቭ ሁሉ ነገር ከተመቸው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ብብቱ አካባቢ ነርቩ የተበጠሰበት ሰው አዲስ የሚያድገው የነርቭ ክር መዳፉ እስኪደርስለት ሁለት ዓመት ሊጠጋ ይችላል፣ ጡንቻው ደግሞ እስከዛ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ እየሟሸሸ ነው። አሁን በዚህ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ሰው መቅጠር፣ ታካሚ መመዝገብ ምናምን ጨምሩበት፣ የመጀመሪያው ዓመት በዛው አለቀ ማለት ነው። ከዛ እናንተ በ18ኛው ወር «ውጤት አሳዩ» ትላላችሁ። ምን እናሳይ፣ ነርቩ እኮ ገና መንገድ ላይ ነው!

ሌላው ነገር፣ በኛ ሙያ ትልልቆቹ ግኝቶች በፕሮፖዛል ታቅደው አልመጡም። ዋለር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የእንቁራሪት ምላስ ነርቭ ቆርጦ ከቁርጡ ወዲያ ያለው ክር እንደሚበሰብስ ያሳየው በ1850 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዛ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሁሉም ሰው ክሩ ምግብ ስለተቋረጠበት ዝም ብሎ ይሞታል ብሎ አሰበ። በ1989 ግን ሌላ ጥያቄ ሲያጠኑ የነበሩ ሰዎች አንድ የአይጥ ዘር ላይ የተቆረጠው ነርቭ በአንድ ሁለት ቀን መሞት ሲገባው ለሳምንታት በሕይወት ሲቆይ አዩ። ይሄን ያመጣው ጂን የታወቀው በ2001 ነው፣ ክሩን ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዘው ሳርም1 የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ ዝንብና አይጥ ላይ ተሠርቶ በ2012 ወጣ። ዛሬ የመድኃኒት ድርጅቶች የሚሯሯጡት ይህንን ፕሮቲን ለማስቆም ነው። ከአይጧ እስከ ፕሮቲኑ 23 ዓመት፣ የትኛው ፎርማችሁ ላይ ይሞላ ነበር?

በሽታዎቹም እንደዛው ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ ኤኤልኤስን፣ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን እየገደለ የሚሄደውን በሽታ፣ በ1869 ገለጸው፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ሪሉዞል የተፈቀደው በ1995 ነው፣ እሱም ዕድሜ የሚጨምረው በወራት ነው። በተቃራኒው የሕፃናቱ የጡንቻ መመንመን በሽታ፣ ኤስኤምኤ የምንለው፣ ጂኑ በ1995 ተገኝቶ መድኃኒቱ በ2016 መጣ። ይሄ በኛ ዓለም ፈጣን ነው!

ስብሰባ ላይ አንዳንድ ኃላፊዎች ያለ ብዙ ገንዘብም ይሠራል ለማለት «ጣሊያናዊቷ ተመራማሪ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ እኮ በጦርነት ጊዜ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው በዶሮ ሽል የሠራችው» ይሉናል። ልክ ነው፣ ሠርታለች፣ ግን የነርቭ ዕድገት ፋክተርን፣ ነርቭ እንዲያድግ የሚያደርገውን ፕሮቲን፣ ያገኘችው በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላብ (ላብራቶሪ) እና የሥራ ባልደረባ ኖሯት ነው፣ ኖቤሉም የመጣው በ1986 ነው። መኝታ ቤቷን ብቻ መርጦ መጥቀስ ደስ አይልም።

ኮንትራት ሲያልቅ ምን እንደሚጠፋ ልንገርዎት። ነርቭን ክር በክር መነጠል የሚባል ሥራ አለ፣ ነርቩ ኦስሚየም በሚባል ኬሚካል ይጠቁርና ማይክሮስኮፕ ሥር በሁለት ቀጫጭን ፒንሴት አንድ አንዱን ክር እየለዩ መስታወት ላይ መደርደር ነው። ትንሽ ከጎተቱት ይበጠሳል። ግን ክሩን የሚሸፍነው ማይሊን የት ጋ እንደተገፈፈ፣ ተጠግኖ ደግሞ የት ጋ አጭርና ስስ ሆኖ እንደተመለሰ እዛ ክር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እጅ እስኪለምደው ወራት ይፈልጋል፣ በመጽሐፍ አይገኝም። እኛ ጋ ይሄን አሳምራ የምትሠራ ቴክኒሻን ነበረች፣ ግራንቱ አልቆ አዲሱ እስኪፈቀድ ባለው ክፍተት ደሞዟን የሚከፍል ጠፋና ሌላ ሥራ ገባች፣ አልፈርድባትም። አሁን እሷ ልትነጥለው የነበረው የነርቭ ናሙና ፍሪጅ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ቁጥጥር ሊኖር ይገባል፣ እንዲያውም ረጅም ፈንድ አግኝቶ የሚተኛ ላብ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ የምለው አትጠይቁን አይደለም። ግራንቱ ሰባት ዓመት ይሁንና መሀል ላይ ጠንካራ ግምገማ ይኑር፣ የማይሠራ ይቋረጥ። በሁለት ግራንት መሀል ለቴክኒሻን ደሞዝና ለአይጥ ዘሮቹ ማቆያ የሚሆን ድልድይ ፈንድ ይመደብ፣ ብዙ ብር አይደለም። «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል በሥርዓት የተሠራ ውጤትም እንደ ውጤት ይቆጠር፣ ካልተቆጠረ ሌላው ላብ ያንኑ ነገር ይደግመዋል። የወጣት ተመራማሪ ግራንቱን የዕድሜ ገደብም እዩት፣ ሕክምና ተምሮ፣ ኒውሮሎጂ ስፔሻላይዝ አድርጎ፣ ፒኤችዲና ከዛ በኋላ ያለውን የምርምር ሥልጠና (ፖስትዶክ) ጨርሶ የሚመጣ ሰው እናንተ ባስቀመጣችሁት ዕድሜ እንዴት ሊደርስ ይችላል?

የሚቀጥለው ጥሪ ፎርም ከመውጣቱ በፊት ላብ ውስጥ ከሚውሉ ሰዎች ጋር አንድ ስብሰባ ቢጠሩልን፣ ቀኑን እርስዎ ይቁረጡት፣ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የነርቭ ተመራማሪ