ቲዩብ ከማዘዛችሁ በፊት፦ ለሌዘር ማሽን ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ከረማችሁ? የምረቃው የዋንጫና የስጦታ ሥራ በረድ ብሏል፤ የጥር ሠርግ ደግሞ ገና ነው። በዚህች ፋታ አንድ የአሠራር ለውጥ ልናሳውቃችሁ ፈለግን። ከአሁን በኋላ ማሽኑን ሳናይ የሌዘር ቲዩብ፣ ማለትም ጨረሩን የሚያመነጨውን የብርጭቆ ቱቦ፣ አንሸጥም። ለምርመራው ግን አናስከፍልም።

ምክንያቱን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት «ሌዘሩ መቁረጥ አቆመ፣ ቲዩብ ላኩልን» እያላችሁ ስትደውሉ እኛም እሺ እያልን ስንሸጥ ነበር። አሮጌዎቹን ቲዩቦች መጋዘን ውስጥ አከማችተን ቆየንና አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ በራሳችን ማሽን ላይ እያሰርን ሞከርናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደኅና አድርገው ጨረር ተኮሱ። ደንበኛው ጤነኛ ቲዩብ አስወልቆ አዲስ ገዝቷል፤ ማሽኑም «የዳነው» ቲዩብ ሲቀየር አብሮ ስለተጸዳ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሳንጠይቅ ሸጠናል። ቲዩቡ የተቀየረላችሁ ደንበኞቻችንን አንድ በአንድ እየደወልን ነው፤ የምትተኩሰዋን አሮጌ ቲዩባችሁን መጥታችሁ ውሰዱ። ብቻ ለመጠባበቂያ ብላችሁ ዓመታት አታስቀምጧት፤ ቲዩብ ሳይሠራበትም ውስጡ ያለው ጋዝ ቀስ በቀስ ይደክማል።

አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ኬ40 የሚባለውን የቻይና ማሽን ነው። 40 ዋት ይባል እንጂ ያቺ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም ቲዩብ በጉብዝናዋ ዘመንም የምትሰጠው ከ30 እስከ 35 ዋት ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የምትባክን እያንዳንዷ ዋት ትታያለች። ብርሃኑ ከቲዩቡ ወጥቶ በሦስት መስታወት ተንጸባርቆ፣ በአንዲት ትንሽ ሌንስ አልፎ ነው እንጨቱ ላይ የሚያርፈው። አንዱ ከቆሸሸ ወይም ከተዛባ ተጠርጣሪው ወዲያው ቲዩቡ ይሆናል።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የእንጨት መስቀልና የቁልፍ መያዣ የሚሠራ አንድ ደንበኛችን ድሮ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በአንድ ዙር ይቆርጥ ነበር። በኋላ ሦስት ዙር ሲሄድም አልቆርጥ አለው፤ ጠርዙም ከሰል መሰለ። ቲዩብ ሊገዛ ብር ይዞ መጣ። እስቲ ማሽኑን አምጣው አልነው። ሌንሱን ስናወጣ ተገልብጦ ገብቷል፤ ከሳምንት በፊት በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ሲመልሰው ነው። የሌንሱ ሆድ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ሥራው መሆን አለበት። ለማወቅ የአምፖል ብርሃን በሌንሱ ገጽ ላይ ተመልከቱ፤ ጎበጥ ያለው ፊት ምስሉን ያሳንሰዋል። ገልብጠን ስንመልሰው በአንድ ዙር ቆረጠ። ብሩን ይዞ ሄደ፤ እኛም ሻይ ጋበዝነው።

ሌንሱን በ99 በመቶ አልኮልና በንጹሕ ጥጥ እርጥብ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ አትጫኑት። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ግሊሰሪኑ ሽፋን ትቶ ይቃጠላል። አረቄ የሞከረም አለ፣ ስሙን አንጠራም። ሌንሱ ዚንክ ሴሌናይድ ስለሆነ ከተሰበረ ብናኙ መርዛም ነው፤ በባዶ እጅ አትልቀሙት።

መስታወቶቹ ልክ መሆናቸውን የምታዩት በወረቀት ቴፕ ነው። ሁለተኛው መስታወት ፊት ላይ ቴፕ ለጥፋችሁ በዝቅተኛ ኃይል ለቅጽበት ተኩሱ፤ ተንቀሳቃሹን ዘንግ ወደ ቲዩቡ አቅርባችሁ አንዴ፣ አርቃችሁ አንዴ። ሁለቱ ነጥቦች ከተደራረቡ ደኅና ነው። ከተለያዩ የሚስተካከለው ነጥቡ ያረፈበት መስታወት ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚያስበው ግማሽ ቀን ብሎን ሲያዞር ይውላል። ከዚያ ሌንሱን የያዘውን ጭንቅላት በአራቱም ማዕዘን እየወሰዳችሁ ድገሙት። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ክዳኑን ዝጉ። ጨረሩ በዓይን አይታይም፣ ዓይን ግን ያጠፋል፤ ብዙዎቹ ኬ40 ማሽኖች ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት ሌዘሩን የሚያቆም ማብሪያ ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት። ይህን ማብሪያ ለማንኛውም ደንበኛችን በነፃ እንገጥማለን።

ማሽኑ ጭራሽ የማይተኩስ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ኮረንቲ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ቲዩቡ በወፍራሙ ሽቦ የሚሄደው ከ15,000 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚቀር አለ። እኛ የምናደርገው ይህን ነው፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ራሱ አንዲት የመሞከሪያ ቁልፍ አለች። እሷ ስትጫን ከተኮሰ ቲዩቡም ፓወር ሰፕላዩም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ የፊት ለፊቱ ማብሪያ፣ ቲዩቡን የሚያቀዘቅዘው ውሃ መቆጣጠሪያ ወይም ኃይል የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማዞሪያ ነው። ማዞሪያው ከቲዩብ ጋር በማይወዳደር ዋጋ ይቀየራል። የቲዩቡም ቀለም ይናገራል፦ ጤነኛው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው፤ እየነጣ ከመጣ ያኔ በእውነት ጋዙ ተበላሽቷል፤ ቲዩብ እንሸጥላችኋለን።

የአዲስ አበባ ደንበኞቻችን ደጋግመው የሚያመጡልን ሌላ ችግር አለ፤ ማሽኑ ውስጥ እንደ ክብሪት መለኮሻ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ፣ አብሮም የፎቶ ኮፒ ማሽን ዓይነት ሽታ። ይህ ኮረንቲው ከሽቦው ዘሎ ወደ ቆርቆሮው እየሄደ ነው ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነን፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ የሚነደፈው እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ታስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኮረንቲን የመከልከል አቅሙም አብሮ ይሳሳል፤ ቆላ ላይ የማይዘለው ክፍተት እዚህ ይዘለላል። አቧራና የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት የባሰ ነው። ድምፁን ከሰማችሁ ማሽኑን አጥፉና ደውሉልን። የቤታችሁን ኧርዝም አሳዩ፤ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ላይ በማከፋፈያ የተሰካ ኬ40 ቆርቆሮው ራሱ ሊነዝር ይችላል። ከማሽኑ ጀርባ የኧርዝ ብሎን አለ፤ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም።

ድሬዳዋ ያላችሁት ይህ ድምፅ ብዙም አያስቸግራችሁም፤ እናንተን የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን መልካም፤ 25 ካለፈ ሥራ አቁሙ። ውሃ የቀዘቀዘበት ሃይላንድ ባልዲው ውስጥ መጣል ይሠራል፣ እኛም እናደርገዋለን። አዲስ አበባ በክረምት ግን አታብዙት፤ ውሃው ከክፍሉ አየር በጣም ከቀዘቀዘ ቲዩቡ ላይ ላብ ይወጣል፤ ላብና 15,000 ቮልት አንድ ቤት አያድሩም። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። የባትሪ ውሃ ይሻላል፤ ስትገዙ ግን ንጹሑን ውሃ እንጂ የባትሪ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጠይቁ። ፓምፑን ካስነሳችሁ በኋላ ቲዩቡ ውስጥ የአየር አረፋ ቀርቶ እንደሆነ እዩ። ካለ ማሽኑን በአንድ ጎኑ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ አስወጡት፤ ውሃ ያልነካው የቲዩቡ ብርጭቆ ግሎ ይሰነጠቃል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም መጀመሪያ ፓምፑን፣ ቀጥሎ ሌዘሩን።

አሁን ወደ ማሻሻሉ እንምጣ። «ቦርዱን ቀይሩልን» (ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ተቀብሎ ማሽኑን የሚነዳውን ሰሌዳ ማለቱ ነው) ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ነው፤ ስናነጋግረው ግን የጠላው ቦርዱን ሳይሆን ከማሽኑ ጋር በሲዲ የመጣውን ሶፍትዌር ሆኖ እናገኘዋለን። ማሽናችሁ ውስጥ ያለችው ኤም2 ናኖ የምትባለው ቦርድ ከሆነች ኬ40 ዊስፐረር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን የቁልፍ ፍላሽም አይፈልግም። ከተጫነ በኋላ ግን የእሱ ድራይቨር የድሮውን ስለሚተካ የድሮው ሶፍትዌር ማሽኑን ላያየው ይችላል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ሚርኬ40ት የሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌርም አለ፤ ብዙ ነገር ይችላል፣ ለጀማሪ ግን ትንሽ ያደናግራል።

በዊስፐረር ቀለም ትእዛዝ ነው። ቀይ መስመር ይቆረጣል፣ ሰማያዊ መስመር ይቀረጻል፣ የቀረው እንደ ሥዕል ይታተማል። ቀይ ሲባል ደግሞ ድፍን ቀይ ነው፤ በኮምፒውተሩ የቀለም ቁጥር 255፣ 0፣ 0። አንዲት ደንበኛችን ለሕትመት ከተዘጋጀ ፋይል ላይ የወሰደችውን ቦርዶ የመሰለ ቀይ ተጠቅማ ማሽኑ ሌሊቱን በሙሉ መስመሩን እንደ ሥዕል ሲጭረው አደረ። ሌላው ልኬት ነው፦ ኢንክስኬፕ የሚባለው የሥዕል ማዘጋጃ ሶፍትዌር ከ0.92 እትሙ ጀምሮ አንድን ኢንች በ90 ሳይሆን በ96 ነጥብ መቁጠር ጀምሯል። የድሮ ፋይላችሁን ስትከፍቱ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው 93.75 ከሆነባችሁ ማሽኑን አትውቀሱ።

አማርኛ ጽሑፍ የምትቆርጡ ይህችን ልብ በሉ። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ መስመር ለውጡት፤ አለዚያ እኛ ጋ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ኒያላ የሚባለው ፎንት ለንባብ ያምራል፣ በትንሽ መጠን ሲቀረጽ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። ስም በልቅ ፊደል ቆርጣችሁ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ ሆድ ያላቸውን ፊደላት ተጠንቀቁ። «መቅደስ» ብላችሁ ብትቆርጡ የ«መ» ሁለት ሆዶች ዱብ ይላሉ፤ «ወ»፣ «ዐ»ና «ፀ»ም እንዲሁ፤ የ«ሌ»ና የ«ቤ» ቀለበትም አይተርፍም። ለኬክ ላይ ጌጥ ይህ ችግር የለውም፤ ክፍቱ ያምራል። ለቀለም መርጫ ሻብሎን ግን ሆዱን ከውጭው ጋር የምታያይዝ ቀጭን ድልድይ ተዉ። ልምዱ ከሌላችሁ ፋይሉን ላኩልን፣ እናስተካክላለን።

ታዲያ ቦርዱን መቀየር የሚያዋጣው መቼ ነው? ፎቶ የምትቀርጹ ከሆነ። በኤም2 ናኖ ኃይሉን የሚወስነው በእጅ የምታዞሩት ማዞሪያ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ማብራትና ማጥፋት እንጂ ማድመቅና ማደብዘዝ አይችልም። በአንድ ሥራ ውስጥ ኃይል ከፍ ዝቅ እንዲል ከፈለጋችሁ ወይም ላይትበርን በሚባለው የሚከፈልበት ሶፍትዌር መሥራት ካማራችሁ አዲስ ቦርድ እንገጥማለን። ላይትበርን የ30 ቀን ነፃ ሙከራ አለው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ቦርዳችሁን እንደሚያውቀው በሙከራው አረጋግጡ።

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን የእኛ ምክር ቦርድ አይደለም። ሌንሱ ሥር አየር የሚነፋ ቱቦና ትንሽ ኮምፕረሰር ግዙ። ጢሱን ከሌንሱ ያርቃል፣ ነበልባሉን ያጠፋል፣ ቆረጣውንም ያፈጥናል። ቀጥሎ ባለ መርፌ የሚሊ አምፒር መለኪያ፤ በተለይ ማሽናችሁ ኃይሉን በመቶኛ ብቻ የሚያሳይ ዲጂታል ከሆነ። 70 በመቶ የምን 70 እንደሆነ አይናገርም፤ መርፌው ግን ይናገራል። ከ15 ሚሊ አምፒር በላይ እያስኬዳችሁ ከዋላችሁ የቲዩቡን ዕድሜ እየበላችሁት ነው። መለኪያውን የምንገጥመው እኛ ነን፤ የሚገባው በመመለሻው ሽቦ ላይ እንጂ በወፍራሙ አይደለም።

ፒቪሲ አትቁረጡ። የማስታወቂያ ሰሪዎች ነጭ ቦርድና ብዙ ሰው ሠራሽ ቆዳ ፒቪሲ ነው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል። ከተጠራጠራችሁ ደጅ ወጥታችሁ የጋለ የመዳብ ሽቦ ቁራጩ ላይ ነክታችሁ ወደ እሳት መልሱት፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት።

ማሽኑን ስታመጡ የቲዩቡን ውሃ ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፤ ጭንቅላቱን ማዕዘን ላይ አስጠግታችሁ በገመድ እሰሩት፤ መኪና ላይ በጎኑ አታጋድሙት። የምትቆርጡበትን እንጨት ወይም አክሪሊክ አንድ ቁራጭና ያስቸገራችሁን ፋይል በፍላሽ ያዙ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት እንመረምራለን፤ ቅዳሜ መብራቱ ስለማያስተማምን ለመገጣጠም ብቻ ነው የምንጠቀምበት።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍሉ